የጃርት እሾህና አረንጓዴው ቁጥር

ሐዋሳ ውስጥ እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር የሚሰበሰቡ ወንዶች አሉ፤ ባለቤቴ አንዱ ነው። የቆዩ መኪኖቻቸውን አጥበው፣ ወልውለው፣ ኮፈናቸውን ከፍተው በረድፍ ያቆሟቸውና ዙሪያውን ቆመው ያያሉ። ሥራቸው ይኸው ነው። ወሬያቸውም አንድ ነው፤ አዲስ የሚገቡት መኪኖች ዳሽቦርዳቸው ስክሪን ብቻ ሆኖ ቀረ፣ መርፌ ጠፋ፣ መኪና መኪናነቱን ተወ። "መርፌ እኮ ነፍስ አለው!" ይላል አንዱ፣ ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ይመስል እጁን አጣጥፎ። "ሲወጣ ታየዋለህ፣ ሲወርድ ታየዋለህ።" ይኸው ሰው ስክሪኗ ከበር እስከ በር የሆነ አዲስ መኪና ለመግዛት ተመዝግቦ ተራውን እየጠበቀ ነው። የነገረችን ሚስቱ ነች።

እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ዓሣዬን እበላለሁ፤ ስለ መርፌ ነፍስ ሲነሳ ግን አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ይሰነቀራል። ያደግሁት ነገሌ ቦረና ነው። መርፌ የሚባል ነገር የእኛን ቤት ምን እንዳደረገው አውቃለሁ፤ አረንጓዴ ቁጥርም እንደዚሁ።

አባቴ ወልደጻድቅ በልጅነቱ ከቸሃ መጥቶ ነገሌ ላይ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ሰው ግን የሚያውቀው በሱቁ አልነበረም፤ በቀይዋ መኪናው ነበር። አዶላ ላይ ወርቅ ፍለጋ ከርሞ ያልቀናው አንድ ጣሊያን ወደ አገሩ ሲገባ የተወለት ሁለት በር ያላት ስፖርት መኪና ናት። ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። በዚያን ጊዜ የነገሌ መንገድ ለአህያም አይመች፣ ቤንዚኑም በኩፖን ነው፤ ስለዚህ መኪናዋ በዓመት አሥር ጊዜ ብትነዳ ነው፣ በቀን ግን ሁለት ጊዜ ትወለወላለች። እኛ ልጆቹ በሳምንት አንዴ ነበር የምንታጠበው።

ቅዳሜ ከሰዓት መኪና እናውቃለን የሚሉ ወንዶች ግቢያችን ይሰበሰባሉ። ከሁሉም አዋቂው ሁቃ ነበር፤ የቦረና ሰው፣ መካኒክ፣ ሲስቅ ጥርሱ ላይ ያለው የወርቅ ክዳን የሚያበራ። የቀይዋ መኪና የፍጥነት መርፌ አንድ ጊዜ ተሰብሮ ሁቃ ነበር መላ ያበጀለት። የጃርት እሾህ ጫፍ ቆርጦ፣ በሴቶች የጥፍር ቀለም ቀይ ቀብቶ፣ በመርፌው ቦታ ተከለው። ከዚያ በኋላ አባቴ እሾኋን ከልጆቹ እኩል ይወዳት ጀመር። ሞተሩን ያስነሳና ቆሞ ሳለ ነዳጅ ሲረግጥ እሾኋ ዜሮ ላይ እንዳለች ትንቀጠቀጣለች፤ ወንዶቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያዩዋታል። "ይቺ አትዋሽም" ይላል አባቴ።

ትዋሽ ነበር። የመኪናዋ ጎማ የራሷ አልነበረም፤ ከሌላ መኪና የተወሰደ ትንንሽ ጎማ ነበር የተገጠመላት። ጎማ ሲያንስ መርፌ ከልኩ በላይ ያወራል። ሁቃ ይህን አሳምሮ ያውቅ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል፤ ግን ወዳጁን ደስታ አይነፍግም።

እናቴ ቦጋለች መኪናዋን "ጣውንቴ" ትላት ነበር። ከአባቴ ጋር ደስ ሲላት አንተ ትለዋለች፤ የከፋት ቀን ግን አንቱ ነው። እኔ አንቱ ማለት አክብሮት ነው ተብዬ ስላደግሁ እናቴ አልፎ አልፎ ብቻ ባሏን የምታከብር ጉደኛ ሴት ትመስለኝ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ሻለቃ ተክሉ የሚባል መኮንን ወደ ከተማችን የጦር ሰፈር ተዛውሮ መጣ። አንድ የውጭ አገር ሰው አዲስ አበባን ሲለቅ የተወለትን ጃፓን ሠራሽ ነጭ ስፖርት መኪና ይዞ ነው የመጣው። መኪናዋ ከሻሸመኔ ወዲህ በወታደር ካሚዮን ተጭና እንደመጣች ያላየ ሰው አልነበረም፤ ሻለቃው ግን "እየነዳኋት መጣሁ" ይል ነበር፣ ማንም ደፍሮ አልተከራከረውም። የመኪናዋ ተአምር ዳሽቦርዷ ነው። መርፌ የሚባል የለባትም። ቁልፉ ሲዞር ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ቁጥር ቦግ ይላል። መኮንኖች ክበብ ቴሌቪዥን ያዩ ሰዎች ወዲያው "ቴሌቪዥኗ" አሏት።

ሻለቃው ገበያ ዳር ያቆማት ቀን ወንዶቹ ሁሉ ከበቧት። ሁቃ ጎንበስ ብሎ በመስኮት አያትና፣ "አካም፣ ቴሌቪዥን! ናጋ?" ብሎ በኦሮምኛ እንደ ሰው ሰላም አላት። ሰው ሳቀ።

"ምን ጎደላት?" አለ ሻለቃው።

"ምንም አልጎደላትም፣ ጌታዬ። ግን መርፌ እንደ ከብት ነው። ከብት ከመሮጡ በፊት ጆሮው ይቆማል፣ አንተም ታውቃለህ፣ ትጠነቀቃለህ። ኢሄ ቁጥር ግን ከየት መጣ? ዱብ! ሄዷል፣ ሌላ መጥቷል፣ ዱብ!"

አባቴ ተጋብዞ ገባ። ሻለቃው ቁልፉን ሲያዞር አረንጓዴው ብርሃን አባቴ ፊት ላይ አረፈ። ጥቂት ቆይቶ ወጣና "መጫወቻ ናት" አለ። ያን ቀን ምሳውን አልበላም። ከሰዓት ሱቅ ሄጄ ሳየው ካልኩሌተሩን ከመስታወቱ ሥር አውጥቶ ያበራዋል፣ ያጠፋዋል፣ መልሶ ያበራዋል። የታመመ መስሎኝ ለእናቴ ነገርኳት። "ታሟል፣ ትክክል ነሽ" አለችኝ።

ሕመሙ በሁለቱም ወገን ነበር። ሻለቃው በሳምንቱ መለዮውን አውልቆ፣ ሹራብ ለብሶ ግቢያችን መጣና ቀይዋ መኪና ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አባቴ ነዳጅ ሲረግጥለት ሰውዬው ጣቱን ወደ እሾኋ አስጠግቶ "ትንቀጠቀጣለች እኮ!" አለ፤ የአንድ ትልቅ ጦር አዛዥ እንዲያ ዓይኑ ሲቅለሰለስ አይቼ አላውቅም። ሲወጣ ሁቃን ወደ ጎን ስቦ "የኔ ላይ እንዲህ ያለ መትከል ይቻላል?" ብሎ ጠየቀው። ሁቃ በምስጢር ይይዘዋል ብሎ ነው። በማግስቱ ሻይ ቤቱ ሁሉ "ሻለቃው የጃርት እሾህ አማረው" እያለ ይስቅ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ መረረ። የተሳቀበት መኮንን ሳቁን ማስቆም አለበት። ለሥራ ጉብኝት ከአዲስ አበባ የመጡ ሦስት መኮንኖች ስለነበሩ፣ ቅዳሜ እነሱ ባሉበት ሁለቱ መኪኖች አይሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ይፈተኑ ተባለ።

ጎን ለጎን መሮጥ ግን አልተስማሙም። ፊት ያለችው የምታስፈነጥረው ድንጋይ የኋለኛዋን መስታወት ቢሰብር፣ እንዲያ ያለ መስታወት ከነገሌ እስከ አዲስ አበባ አይገኝም። ሁለቱም ለቀለማቸውም ሰጉ። ስለዚህ ይህን የመሰለ ውድድር ፈጠሩ፦ መኪኖቹ በየተራ ብቻቸውን ይሮጣሉ፣ እያንዳንዷ ውስጥ የተቃራኒ ወገን ምስክር ይቀመጣል፣ ትልቁ የታየው ቁጥር ይጠራል። ትልቅ ቁጥር ያላት አሸነፈች። አንዷ በጃርት እሾህ፣ አንዷ በመብራት ስትለካ ልኩ አንድ ይሁን አይሁን ያነሳ ሰው አልነበረም። ሁሉም መኪና አዋቂዎች ነበሩ።

ሐሙስ ዕለት አምሳ አለቃ ደበላ ቤታችን መጣ። የሻለቃው ጸሐፊ ነው፤ ከእናቴ ጋር የአንድ አገር ልጆች ናቸው። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ላይ ተኝቼ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ሰው ፊት ነው" አለ ደበላ። "ሻለቃ ደስ ካላቸው ሁላችንም ደስ ይለናል። የለገሰ ነገርም እንዲሁ በደስታ ያልቃል። ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነው።"

"ስንት ይበቃል?" አለች እናቴ።

"ስልሳ። ከስልሳ አይለፉ።"

የአባቴ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

"ማልልኝ" አለችው እናቴ። "በኪዳነ ምሕረት ማልልኝ፣ የኔ ጌታ። ከስልሳ አታልፍም።"

"ስልሳ" አለ አባቴ። "በኪዳነ ምሕረት።"

እኔ የገባኝ ይህ ነበር፦ እናቴ ጣውንቷን ሰው ፊት ልታዋርዳት ነው፣ ለዚህም ከጠላት ሰው ጋር ተማክራለች። የለገሰ ነገር ደግሞ ብስክሌት ይሆናል። ታላቅ ወንድሜ ለገሰ ብስክሌት፣ ብስክሌት ሲል ዓመት ሆኖት ነበር። ለብስክሌት ተብሎ የአባቴ መኪና ልትሸነፍ ነው! ትራሱን ነከስኩት።

የለገሰ ነገር ብስክሌት አልነበረም። ብሔራዊ ውትድርና የሚባል ነበር ያኔ፤ ቀበሌው የወጣቶችን ስም ጽፎ ይልካል፣ ካሚዮን መጥቶ ይጭናል። ለገሰ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ስሙም ዝርዝሩ ላይ ሰፍሯል። የዚያ ዙር ልጆች ወደ ሰሜን እንደሚሄዱ፣ ቀድመው ከሄዱትም የተመለሱት በጣት እንደሚቆጠሩ ከእኔ በቀር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሻለቃው በእስክሪብቶ አንድ ጭረት ሊያወጣው ይችላል። ለዚህ የጠየቀው ገንዘብ ወይም ሰንጋ አልነበረም። አባቴ በጃርት እሾህ ስልሳ ላይ እንዲቆም ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ሜዳው በሰው ተሞላ። ወታደሮች ፍየሎቹንና ሁለት ግመሎችን ከአውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ ሲያባርሩ ረፈደ። በነጯ መኪና የእኛ ምስክር ሁቃ እንዲሆን አባቴ ቢጠይቅ ሻለቃው "ሁቃ ወሬኛ ነው፣ ልጅህ ትግባ። ሕፃን አይዋሽም" አለ። አሥር ዓመቴ ነበር። አትዋሽም ማለቱ ገረመኝ፤ የማየው ቁጥር ምንም ቢሆን "ሃምሳ" ብዬ ልጮህ ከማለዳ ጀምሮ ወስኜ ነበርና።

አባቴ ቀድሞ ሮጠ። ደበላ ጎኑ ተቀመጠ። ቀይዋ መኪና ወደ ሜዳው ጫፍ ቀስ ብላ ሄዳ፣ ዞረች፣ ቆመች። ከዚያ ቀዩ አቧራ ተነሳ። ገና ከሩቅ ስትመጣ ስልሳ አለመሆኗ ለሕፃንም ይታያል፤ ታየኝ፣ ዘለልኩ። እፊታችን አልፋ፣ ፍሬኗ ጮኾ፣ ከአንድ ኩይሳ አጠገብ ስትቆም አባቴ፣ ደበላ በሩን እንኳ ሳይከፍት ዘሎ ወረደ።

"መቶ አምስት!" ብሎ ጮኸ። "መቶ አምስት! እሾኋ መቶ አምስት ላይ ቀጥ አለች!"

ደበላ ፊቱ አቧራ ለብሶ ወጣና አንገቱን አንዴ ነቀነቀ። መርዶ የሚያረዳ ሰው ይመስል ነበር። የእሱ ወገን ስለተበለጠ አዝኖ ነው ብዬ ደስታዬ ባሰ። ወደ አባቴ ተጠግቶ "ጋሼ፣ ምን ነካዎት?" አለው።

"ግድ የለም፣ ደበላ" አለ አባቴ ላቡን እየጠረገ። "የእሱ መቶ አርባ ትላለች። ማሸነፉ አይቀርም። እኔ ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ፊት በስልሳ ልዋረድ?"

ያን ጊዜ እናቴን ፈለግኋት። አረንጓዴ ጥላዋን ዘርግታ ሜዳውን አቋርጣ ወደ ቤት እየሄደች ነበር። አልሮጠችም፣ ዞራም አላየችም። ቅናት ነው አልኩ በልቤ።

ነጯ መኪና ውስጥ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል። ሻለቃው የቆዳ ጓንት አጠለቀ፤ ነገሌ ላይ፣ በዚያ ፀሐይ። "ምንም እንዳትነኪ" ብሎኝ ከአዲስ አበባ እንግዶቹ ጋር ፎቶ ሊነሳ ወረደ። ብቻዬን ከአረንጓዴው ዜሮ ጋር ቀረሁ። ከዜሮው በስተቀኝ የጥፍር ያህል ቁልፍ አለች። እንዳትነኪ የተባለ ልጅ ምን ያደርጋል? ተጫንኳት። ጠቅ አለች። ዜሮው ዜሮ እንደሆነ ቀረ፤ ከሥሩ የነበሩት ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ፊደሎች ግን ጠፍተው ሌሎች በሩ። እጄን ሰብስቤ ቁጭ አልኩበት።

ስንነሳ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ቁጥሩ እየዘለለ መጣ፤ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ አራት። ድንጋዩ የመኪናዋን ሆድ ይደበድባል፣ ግራሮቹ ተያይዘው አንድ አጥር ሆኑ። ስልሳ፣ ስልሳ ስምንት። ሻለቃው ቁጥሩን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ደግሞ ቁጥሩን አየ። "ምንድን ነው ይሄ?" አለ። እግሩን እስከ ወለሉ አደረሰው። "ምን ሆንሽ አንቺ?" እኔን የሚቆጣ መስሎኝ እጄን ይበልጥ ሸሸግሁ፤ መኪናዋን ነበር። ሰባ ሦስት። ከዚያ ወዲያ አልሄደችም።

ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ነፋሱ በመስኮቱ ሽንቁር ያፏጫል፣ መሪው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ መቀመጫው ሥር ምድር ትሸሻለች፤ ሁሉም እየበረርክ ነው ይሉታል። ይህችኑ መኪና አዲስ አበባ አስፋልት ላይ መቶ ሠላሳ ስትል አይቷል፣ የዚያን ፍጥነት ጣዕም ሰውነቱ ያውቀዋል። ነገር ግን አረንጓዴው ብርሃን ሰባ ሦስት አለው፣ እሱም ብርሃኑን አመነ።

"ስንት?" ብለው ጠየቁኝ ስወርድ። ያዘጋጀሁት ውሸት አላስፈለገኝም።

"ሰባ ሦስት!" አልኩ።

ከዚያ የሁቃ የወርቅ ጥርስ ብልጭ አለ፣ ቀጥሎ ከተማው በሙሉ ሳቀ። እንግዶቹ መኮንኖችም ሳቁ፣ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ሻለቃው ጓንቱን ጣት በጣት አወለቀ። ይደገም አላለም፤ እሱን የመሰለ ሰው ልድገም ብሎ አይለምንም። አባቴን አየሁት። አፉ ፈገግ ብሎ፣ ዓይኑ ግን ደበላን ይፈልግ ነበር፤ ደበላ የለም። ሰው ተሸክሞት ሲዞር ያለቀሰው ከደስታ ነው ብዬ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ቤት ስንገባ ግቢው ውስጥ የለገሰ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሦስት ሸሚዝ፣ ካኪ ሱሪው፣ ሹራቡ። እናቴ ልብስ የምታጥበው ማክሰኞ ነበር፤ ያን ቀን ቅዳሜ ነው። ውሃው ገና ይንጠባጠባል። እሷ እጇን በቀሚሷ አድርቃ አባቴን፣

"እንኳን ደስ አለዎት" አለችው።

አንቱ አለችው! ለአሸናፊ የሚገባው ነው ብዬ ኮራሁ።

ሻለቃው አልተበቀለም፤ ይህን ልመስክርለት። ምንም አላደረገም። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ አለፈ፣ የለገሰ ስም ሳይነካ። በሁለተኛው ሳምንት ካሚዮን መጣ። እኔ ቦት ጫማ ስለሚሰጡት ቀንቼበት እጄን አውለበለብኩ። ለገሰ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ከላይ ሆኖ ሳቀልኝ። አባቴ ከካሚዮኑ ጎን እየተራመደ ለሾፌሩ "የሙቀት መርፌው ከመሃል ካለፈ ቁም፣ አደራህን፣ ወንዶ ጋ ዳገት አለ" ይለው ነበር። ሌላ የሚለው ጠፍቶት ነው።

ሁቃ የነጯን መኪና ሞተር ሦስት ቀን ፈትሾ "ሆማ ሂንቀብዱ፣ ምንም የላትም" አለ። ሻለቃው አላመነውም። የደከመች መኪና ናት ብሎ ለአንድ የወደራ ነጋዴ በርካሽ ሸጣት፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተዛወረ። እናቴ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አባቴን አንተ ብላ አታውቅም። ጎረቤቶቹ "እንደ ቦጋለች ባሏን የምታከብር የለችም" እያሉ ለሙሽሮች ምሳሌ አደረጓት። ሃያ ሰባት ዓመት አከበረችው፤ እስኪሞት።

እኔ እያደግሁ ስሄድ ስለ ዝርዝሩ ሰማሁ፣ ስለ ስልሳው ገባኝ፣ የቁልፏም ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። መኪናዋን የሰበርኳት እኔ ነኝ። ባልነካት ኖሮ ሻለቃው ያሸንፍ፣ ለገሰም ይቀር ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ለገሰ ሰኔ 1983 ላይ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ተመለሰ። ቀኝ እጁ ከአንጓው በታች የለም። አባቴ ከሱቅ ባዶ እግሩን ሮጦ መጣ፣ አቀፈው፣ አለቀሰ፣ ከዚያ ኪሱን ዳብሶ የቀይዋን መኪና ቁልፍ አወጣ። ያለው ነገር ያ ነበር። ለገሰ በግራ እጁ ተቀበለና አገላብጦ አየው።

"አባባ፣ ማርሹ እኮ በቀኝ ነው" አለ። በቁጣ አልነበረም፤ እውነት የመኪና ምክር ይመስል ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት አባቴ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ የጃርት እሾኋ በጣቶቹ መሃል ነበረች። ሊያድሳት ነው ብዬ ጠበቅሁ። መልሶ አልተከላትም፤ ከዚያ በኋላ የመጣ እንግዳ ስለ መኪና ሲያነሳበትም ስለ ዝናብ ያወራ ነበር።

አምና ሐይቁ ዳር ከባለቤቴ ጓደኞች አንዱ የሻለቃውን የመሰለች ነጭ አሮጌ መኪና አሳድሶ ይዞ መጣ። ወንዶቹ በሁለት ተከፍለው ተጨቃጨቁባት፤ ስክሪንን የሚረግሙት እንኳ "ይህኛው ግን የድሮ ስክሪን ነው፣ ነፍስ አለው" አሉ። እኔ ገብቼ ተቀመጥኩ። ቁልፏ እዚያው ነበረች፣ ከዜሮው በስተቀኝ።

"ይህ ምንድን ነው?" አልኩት ባለመኪናውን።

"እሱማ ኪሎሜትሩን ወደ ማይል መለወጫ ነው" አለኝ። "ለአሜሪካ ስለሠሯት ነው።"

ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። ሰባ ሦስት ማይል መቶ አሥራ ሰባት ኪሎሜትር ነው። መኪናዋ አልተሰበረችም ነበር። የአባቴን እሾህ ከነጉራዋ በልጣት ነበር።

በማግስቱ በወደራ በኩል ወደ ነገሌ ወረድኩ። እናቴ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዓይኗ ግን ጠጠር አያልፈውም። እግሯ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁልፏን፣ ማይሉን፣ ተሸክሜው የኖርኩትን። "ለገሰን የላክሁት እኔ ነኝ፣ እማዬ" ብዬ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲያ አለቅሳለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

ሰፌዱን አላስቀመጠችም። "ስንት ነበር ያልሽው?" አለችኝ።

"ሰባ ሦስት።"

"አልሰማሁትም።"

"ከተማው በሙሉ የሰማውን?"

"ሜዳው ላይ መቼ ነበርኩ?" አለች። "ስልሳ ብሎ በኪዳነ ምሕረት ምሎልኛል። ሰባ ሦስት ከስልሳ ያንሳል እንዴ?"

"ይበልጣል።"

"እንግዲያ ያንቺ ቁልፍ ምን አጠፋ?" አንዲት ጠጠር አገኘችና ወደ ግቢው ወረወረቻት። "አባትሽ መቶ አምስት ብሎ ሲጮህ ነው ተነስቼ የሄድኩት። ያቺ ነጭ መኪና ሺህ ብትልም ለእኔ አልቆ ነበር፤ በልጄ ዕድል እንደተጫወተበት አይቻለሁ። አንቺ ከመኪናዋ ስትወርጂ እኮ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ የለገሰን የመንገድ ልብስ አጥቤ አስጥቼ ነበር።"